ያለ ጂም፣ ያለ ብረት፦ በቤት፣ በግቢና በዳገት ስለሚሠሩ ስፖርቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ጂም ካልገባሁ ምን ዋጋ አለው» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ሳይጀምር አስቀርቷል። እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች ከገመድ፣ ከጀሪካን፣ ከወንበርና ከዳገት ያለፈ ዕቃ ስለማይፈልጉ ስፖርቶች ናቸው፦ የእግር ጉዞ፣ ሶምሶማ፣ ገመድ ዝላይ፣ በራስ ክብደት የሚሠሩት ፑሽአፕና ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ታባታ (በአጭር በአጭር እረፍት የሚሠራ የአራት ደቂቃ ጠንካራ ሥራ)፣ ዮጋ፣ እስክስታ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ የትኛው ይሻላል?

ሁሉንም ሥራ የሚሠራ አንድ ስፖርት የለም። የእግር ጉዞ፣ ሶምሶማና ገመድ ዝላይ ልብንና ሳንባን ያሠራሉ፤ ለክንድና ለጀርባ ግን ብዙም አይጠቅሙም። ፑሽአፕና ስኳት ጡንቻና አጥንትን ያጠነክራሉ፤ ቀስ ተብለው እረፍት እየተወሰደ ከተሠሩ ደግሞ ትንፋሽን ብዙ አይፈትኑም። ዮጋ ለመገጣጠሚያ፣ ለሚዛንና ለውጥረት ጥሩ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደረብ እንጂ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ከትንፋሹ ወገን አንድ፣ ከጉልበቱ ወገን አንድ ይምረጡ።

የእኛን ምርጫ ለሚጠይቀን ጀማሪ፦ ዳገት በእግር መውጣት፣ ስኳት፣ ፑሽአፕና ጀሪካን መሳብ። እነዚህ አራቱ ዋናው ወጥ ናቸው፤ የቀረው ቅመም ነው። በስልክ የምናያቸው ዘለው ዘለው ላብ የሚያንቆረቁሩ ቪዲዮዎች ለዓይን ያምራሉ፤ ነገር ግን አብዛኛው ጀማሪ በሁለተኛው ሳምንት የሚያቆመው እነሱን ነው።

በሳምንት ስንት ሰዓት ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ጠንካራ የሚባለው ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ የሚስቡበት ነው። ሰዓትና ማሽን ከሌለ ይህ የወሬ መለኪያ በቂ ነው።

150 ደቂቃው በአንድ ቀን ማለቅ የለበትም። አሥር አሥር ደቂቃም ይደመራል፤ ወደ ሥራ በእግር መሄድም ይቆጠራል።

በካሎሪ ቢወዳደሩስ?

ክብደቱ 65 ኪሎ የሆነ ሰው በ30 ደቂቃ የሚያቃጥለው በግምት ይህን ይመስላል። በሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚያስኬድ እርምጃ ወደ 115 ካሎሪ። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ወደ 270። በፍጥነት የሚሠራ ፑሽአፕና ስኳት ወደ 260። ገመድ ዝላይ ወደ 380። ቀስ ያለ ዮጋ ወደ 80።

ገመድ አሸነፈ ማለት ግን አይደለም። ጀማሪ ሠላሳ ደቂቃ ያለማቋረጥ ገመድ መዝለል አይችልም፤ ከሠላሳው ደቂቃ አሥሩን ቢዘል ጎበዝ ነው። አንድ ሰዓት በእግር የሄደው ሰው በመጨረሻ ይበልጠዋል፤ በማግሥቱም ሳያነክስ ይወጣል።

ደሴ ነው የምኖረው። ከቤት እስከ አስፋልት ያለው ዳገት እንደ ስፖርት ይቆጠራል?

ይቆጠራል፤ ያውም ከምርጦቹ አንዱ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች ማሽን ላይ ከፍለው የሚያገኙትን ዳገት በሩ ላይ አለው። ሽቅብ ሲወጡ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ወደ ላይ ማንሳት ስለሆነ መቀመጫና ታፋ ይሠራሉ፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ እግር ግን መሬቱን እንደ ሩጫ በኃይል አይመታም። ጉልበቱ ሩጫ የማይችልለት ሰው ትንፋሹን በዳገት ማሠልጠን ይችላል።

አወጣጡ እንዲህ ነው፦ እርምጃን ማሳጠር፣ ሙሉውን የእግር መዳፍ መሬት ማስነካት፣ ከወገብ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት በትንሹ ወደ ፊት ማዘንበል፣ እጅን ጉልበት ላይ አለመደገፍ። ሦስት ደቂቃ ጠንከር ብሎ መውጣት፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ ማለት፣ ይህን አምስት ጊዜ መደጋገም ለአንድ ቀን ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ዙር ይጨመራል እንጂ ፍጥነትና ዙር አብረው አይጨመሩም።

ችግሩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሲወርዱ የታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ያቆማል፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ ጡንቻን በጥቃቅኑ ይሰነጥቃል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ደረጃ ሲወርዱ የሚያስቃስተው ሕመም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሕመሙ በራሱ ይሄዳል። የጉልበት ጫና ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ እርምጃን ረዘም አድርጎ ተረከዝን ወደ ፊት ወርውሮ መውረድ ጉልበትን ይጎዳል። ጉልበትን ሁልጊዜ በትንሹ አጥፎ፣ በአጭር በአጭር እርምጃ፣ ቁልቁለቱ ሲጠና ዚግዛግ እየሠሩ መውረድ ይሻላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በእግር ወጥቶ በባጃጅ ቢወርድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ታምሜ ነው?

ሌላ ምልክት ከሌለ በአብዛኛው ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ናቸው። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር የአየር ግፊቱ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 80 በመቶ፣ ደሴ ላይ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ለመጀመሪያው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ፍጥነትን ቀንሰው በወሬ መለኪያ ይሂዱ፤ አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ የሚለውን ይርሱት።

ተቃራኒውም አለ። ከደሴ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ከሚሴ የወረደ ሰው ትንፋሹ ቢላላለትም ሙቀቱ ያሸንፈዋል። እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መጨረስ ይመረጣል። አገሩን እስኪለምድ ከተለመደው ሰዓት ግማሹን ብቻ ይሥራ።

ገመድ ዝላይ ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ቅልጥሜን ያመኛል። ለምን?

ከአራት ነገር አንዱ ነው፦ ገመዱ፣ ከፍታው፣ መሬቱ ወይም ብዛቱ።

የገመዱ ልክ እንዲህ ይታወቃል። መሐሉን በአንድ እግር ረግጠው ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ሲስቡ ብብት ሥር መድረስ አለበት፤ በግምት ቁመትዎ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ነው። ሲረዝም ክንድ ይዘረጋል፣ ትከሻ ይደክማል፤ ሲያጥር እግር ይጠልፋል። ቀላል የናይለን ገመድ አየር ላይ ይጠማዘዛል፤ ክብደት ያለው የፕላስቲክ ገመድ ይሻላል። ያረጀና ከመስመር የተነጠለ የመብራት ገመድ ከነፕላስቲኩ፣ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በደንብ ያገለግላል።

ከፍታው ከመሬት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ጉልበቱን ሽቅብ እየሳበ ይዘላል፤ ይህ ድካም ብቻ ነው። በእግር ፊት መዳፍ ያርፉ፣ ተረከዝ መሬቱን ነካ አድርጎ ይነሳ፣ ጉልበት በትንሹ ይታጠፍ። ገመዱን የሚያዞረው አንጓ ነው፤ ክንድ ከጎን ተጠግቶ ይቀመጣል።

መሬቱ የተጠቀጠቀ አፈር ቢሆን ጥሩ ነው። ሲሚንቶ ይከብዳል። ኮብልስቶን ላይ ፈጽሞ አይዝለሉ፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ነው።

ብዛቱን በተመለከተ፦ 20 ሰከንድ ዝላይ፣ 40 ሰከንድ እረፍት፣ አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 30 በ30 ይሁን። ቅልጥም የሚያመው ጡንቻው ሳይሆን የአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ዝላዩን ትተው በእግር ጉዞ ይተኩት። በጣት ሲነኩት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አጥብቆ የሚያም ከሆነ ሐኪም ይየው፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

አንድ ፑሽአፕ እንኳ አልችልም። ከየት ልጀምር?

ከግድግዳ። ፑሽአፕ ማለት መሬት ላይ የሚሠራው ብቻ አይደለም፤ እጅ የሚያርፍበት ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚነሳው ክብደት ይቀንሳል። መሬት ላይ ሲሠራ የሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይነሳል፤ 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ40 ኪሎ ይበልጣል። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሠራ ግማሽ ገደማ። እጅ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ላይ ሲያርፍ 40 በመቶ ገደማ።

ቅደም ተከተሉ ግድግዳ፣ ጠረጴዛ፣ የአልጋ ጠርዝ፣ ዱካ፣ መሬት ነው። ጠረጴዛውንና ዱካውን ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡ፤ ሲንሸራተት ጥርስ ይሰብራል። በእያንዳንዱ ደረጃ 12 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በዙሮቹ መሐል 90 ሰከንድ እያረፉ፣ ሳይንቀጠቀጡ ከሠሩ ወደ ቀጣዩ ይለፉ። አንዱ ደረጃ ሁለት ሳምንት ወይም ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ክርን እንደ መስቀል ወደ ጎን ሲከፈት ትከሻ ይታመማል፤ ከጎን አካል ጋር 45 ዲግሪ ያህል ይያዝ። ወገብ ሲንጠለጠል ሆድ አልሠራም ማለት ነው፤ መቀመጫን ጨምቀው ይያዙ። ግማሽ መንገድ ወርዶ መመለስ ቁጥር ያበዛል፣ ጉልበት ግን አይሰጥም። ሦስት ሰከንድ እየቆጠሩ ይውረዱ፣ በአንድ ትንፋሽ ይውጡ፤ ሲገፉ አየር ማውጣት ነው።

ጀሪካን ብረትን ይተካል?

ለጀማሪና ለመካከለኛ በደንብ ይተካል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፦ ሙሉው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከነዕቃው 21 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 5ቱ 5 ኪሎ ከምናምን። ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ሦስት ኪሎ ያልፋል። ግማሽ የሞላ ጀሪካን ውስጡ ውኃው እየተንከባለለ ሚዛን ይነሣል፤ ለጀማሪ አይመከርም፤ ወይ ጥግ ድረስ ይሙላ ወይ አነስ ያለ ይያዝ። የመያዣው ጠርዝ መዳፍ ስለሚቆርጥ ጨርቅ ይጠቅለልበት።

ለምን እንዳስፈለገ እንንገርዎት። በቤት የሚሠራ ሰው ሁሉም ነገሩ መግፋት ነው፤ የሚስበው ነገር የለም። ፑሽአፕ ብቻ ለወራት የሠራ ሰው ደረቱ ይጠነክራል፣ ትከሻው ወደ ፊት ይጎብጣል፣ የላይኛው ጀርባው ይደክማል። መድኃኒቱ ጀሪካን መሳብ ነው። ግራ እጅን ወንበር ላይ ይደግፉ፣ ከዳሌ ጎንበስ ይበሉ፣ ጀርባ እንደ ጣውላ ቀጥ ይበል፣ በቀኝ እጅ ጀሪካኑን ከመሬት ወደ ዳሌ ይሳቡ፣ አንድ ሰከንድ ይያዙ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። በ5 ሊትር ይጀመር፤ በእያንዳንዱ ጎን አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። 12 ሲደርስ ወደ 10 ሊትር። ጀርባ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቷል።

ሌላው ሁለት እኩል ጀሪካን በሁለት እጅ አንጠልጥሎ 30 ሜትር መሄድ ነው። መጨበጫን፣ ሆድንና ትከሻን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ማንም አይሳሳተውም።

በየቀኑ ውኃ አዝላ ዳገት ለምትወጣ እናት ግን ይህን ሥሪ ማለት ቀልድ ነው። እሷ የሚያስፈልጋት ወገብ የማያስጎነብስ አሸካከም፣ እረፍትና የሚያግዛት ሰው ነው።

ስኳት ሲባል ቁጢጥ ማለት አይደል? ምኑ ነው የሚከብደው?

እኛ አገር ቁጢጥ ማለት የተለመደ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ጥሩ መነሻ አለው። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍተው፣ ጣቶችን በትንሹ ወደ ውጭ አዙረው፣ ዱካ ላይ እንደሚቀመጡ መቀመጫን ወደ ኋላ ይላኩ። ጉልበት የሚሄደው እግር ጣት በሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ያ ነው ስሕተቱ። ተረከዝ ከተነሳ ጥልቀቱን ይቀንሱ። 15 ጊዜ በሦስት ዙር ሲቀል የአምስት ሊትር ጀሪካን ደረት ላይ ታቅፈው ይቀጥሉ።

«በቀን አራት ደቂቃ ታባታ ብቻ» የሚሉት እውነት ነው?

ግማሽ እውነት። ስሙ የመጣው ከጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ጥናት ወጣት ሠልጣኞች በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ 20 ሰከንድ ባላቸው ኃይል ሁሉ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ ሰባት ወይም ስምንት ዙር ሠርተዋል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት። ትንፋሻቸውም ጉልበታቸውም ጨምሯል። ቪዲዮዎቹ የማይናገሩት ግን አለ፦ ከሥራው በፊት ማሟሟቂያ ነበረው፤ ከአምስቱ ቀን አንዱ ላይ 30 ደቂቃ የተረጋጋ ብስክሌት ነበረው፤ ጥንካሬውም በመጨረሻው ዙር ሰው መቀጠል እስኪያቅተው ድረስ ነበር። ሳሎን ውስጥ እጅ እያወዛወዙ አራት ደቂቃ መዝለል ያንን አይሰጥም።

በደጋ ከፍታ ላይ አሥር ሰከንድ እረፍት ለጀማሪ በጣም ያንሳል። 20 ሰከንድ ሠርተው 60 ሰከንድ ቢያርፉ፣ ስድስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ጥቅሙን ያገኛሉ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ወይም ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰው መጀመሪያ ሁለት ወር በእግር ይሂድ።

እስክስታስ?

በጣም ጥሩ ነው፤ እግር ካልቆመ። ትከሻ ብቻ ሲመታ ትከሻና አንገትን ያፍታታል፣ ልብን ግን ብዙ አያሠራም። የወሎ ጭፈራ ከእግር እርምጃና ከዝቅ ብሎ መነሣት ጋር ለ15 ደቂቃ ከተሠራ ከፈጣን እርምጃ አያንስም። አንገቱን ወይም ጅማቱን የሚያመው ሰው ምቱን ያሳንስ።

ዮጋ ከእምነቴ ጋር ይጋጫል?

የእምነቱን ጥያቄ ለሃይማኖት አባትዎ ወይም ለሼኽዎ ይተዉት። ከዮጋ የምንወስደው የሰውነት ክፍሉ፣ ማለትም መዘርጋት፣ ሚዛን መጠበቅና በቀስታ መተንፈስ፣ ያለምንም ስም ማፍታታት ተብሎ ሊሠራ ይችላል። እያንዳንዱን አቋም 30 ሰከንድ ይዞ ሁለት ጊዜ መድገም በቂ ነው። እየተንጠራሩ ወዝወዝ ማለት ጡንቻውን ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

ስግደት እንደ ስፖርት ይቆጠር እንደሆነም የሚጠይቁ አሉ። ስግደት ለፈጣሪ ነው፤ ሰውነት ግን ወደ መሬት ወርዶ መነሣትን ይቆጥራል፤ በእርጅና ዘመን ጉልበትና ዳሌ ሳይደርቁ የቆዩላቸው ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ቢሆን አይገርምም።

ቦርጭ ለማጥፋት በቀን መቶ ሲትአፕ እሠራለሁ። ለምን አልጠፋም?

ሲትአፕ ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ መርጦ አያቃጥልም። ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው፤ ከየት ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስነው በአብዛኛው ተፈጥሮ ነው። ደግሞም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የሠላሳ ደቂቃ የእግር ጉዞ ያህል ማለት ነው። ወጡ ላይ የሚፈሰውን ዘይት ያልቀነሰ ሰው በሲትአፕ አይደርስበትም።

መቶውን ይተዉትና ፕላንክ ይሥሩ፦ በክርንና በእግር ጣት ተደግፈው ሰውነት ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ብሎ፣ 20 ሰከንድ፣ አራት ጊዜ። ወገብ ሲወርድ ያ ዙር አልቋል። አንገት እየተጎተተ ከሚሠራ ሲትአፕ ለወገብ ይሻላል።

በረመዳንና በዐቢይ ጾም ላቁም?

አያቁሙ፤ ሰዓቱንና ብዛቱን ይቀይሩ። በረመዳን ሁለት ጥሩ ሰዓት አለ። አንዱ ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀላል የእግር ጉዞ ነው፤ ውኃ ወዲያው ስለሚደርስ ችግር የለውም፤ ዳገትና ገመድ ግን በዚህ ሰዓት አይሆንም። ሌላው ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ወይም ከተራዊሕ በኋላ ፑሽአፕና ስኳት ነው፤ ከወትሮው ዙር አንዱን ቀንሰው። ውኃውን በኢፍጣርና በሱሑር መሐል ከፋፍለው ይጠጡ፤ በአንድ ጊዜ የተጠጣ ሁለት ሊትር ወዲያው ይወጣል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ሲቀር ሰው የሚፈራው ጡንቻው እንዳይከሳ ነው። ጥንካሬ የሚሠራ ሰው በኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቀን ቢያገኝ በቂ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም አለው፤ ሽሮ፣ ባቄላና አተርም እንዲሁ ይረዳሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠንካራውን ሥራ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ 11 ሰዓት አካባቢ ያድርገው።

ደም ግፊት አለብኝ። የትኛው ይሆነኛል?

የእግር ጉዞ መጀመሪያ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ 270 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻን ወጥሮ መያዝ የላይኛውን ግፊት በአማካይ በ8 ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የእግር ጉዞና ሩጫ ዓይነቱ በ4.5 ገደማ። አሠራሩ፦ ጀርባን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያለ ወንበር እንደተቀመጡ ሆነው ሁለት ደቂቃ መቆየት፣ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፣ አራት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። መጀመሪያ ከፍ ብለው፣ ለ30 ሰከንድ ብቻ ይሞክሩ።

ትንፋሽ ፈጽሞ አይያዝ። ትንፋሽ አፍኖ መግፋት ግፊቱን በቅጽበት ያሻቅበዋል፤ ጮክ ብሎ መቁጠር ያንን ይከላከላል። ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያይዎ አይጀምሩ። መድኃኒትም ስፖርት ጀመርኩ ተብሎ አይቋረጥም።

ስኳር ላለበት ሰውስ?

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት የደም ስኳሩን ይለካ። ከ90 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ስኳርነት ያለው ምግብ ቀድሞ ይውሰድ፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ግራም ገደማ ነው። ኪስ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ አብሮ የሚሄድ ሰውም ምን እንደሚደረግ ይወቅ። ባዶ እግርና ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ቤት ሲገባ በእግር ጣቶች መሐል ቁስል እንዳለ ይታይ።

እናቴ 66 ዓመታቸው ነው። ምን ይሥሩ?

ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ እንደሚነሡ ይቁጠሩላቸው፤ በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ከ11 በታች ከሆነ የእግር ጉልበታቸው ቀንሷል፣ የመውደቅ ዕድላቸውም ከፍ ብሏል ማለት ነው። ቆጠራው በመደበኛ ወንበር ነው እንጂ በዱካ አይደለም፤ ዱካ ዝቅ ስለሚል ለጎበዝ ወጣትም ይከብዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ስምንት ስምንት ቢነሡ በሁለት ወር ልዩነቱን ያዩታል፤ ከዚያ ወንበሩ ወደ ዝቅተኛው ይቀየራል። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር አሥር ሰከንድ መቆምም ይጨመር።

ክረምት ነው፤ ጭቃውና ብርዱ አያስወጣም። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

አንድ የሰሌን ምንጣፍ የምታህል ቦታ ትበቃለች። ባሉበት ቆሞ ጉልበት እያነሡ መራመድ ሁለት ደቂቃ፣ ስኳት 15፣ ፑሽአፕ የሚችሉትን ያህል፣ ጀሪካን መሳብ በየጎኑ 10፣ ፕላንክ 20 ሰከንድ፤ አንድ ደቂቃ አርፈው ይህንኑ አራት ጊዜ። 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንላለን፦ ቤቱን ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው ስፖርት አይሥሩ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የሚሠራ ሰው በፍጥነትና በጥልቀት ስለሚተነፍስ ከተቀመጠው ሰው ቀድሞ ይመረዛል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ የስፖርቱ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ።

ከልባሽ የገዛሁት ጫማ ይሆናል?

ይሆናል፤ ሲገዙ ግን ላዩን ትተው ሥሩን ይዩ። ሶሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት መልሶ ካልመጣ፣ ወይም ጎኑ ላይ ጥልቅ የታጠፉ መስመሮች ካሉ ስፖንጁ ሞቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ቀርጾበታል፤ ይተዉት። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይቅር፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው ያ ቦታ ሲጠፋ ነው። ለእግር ጉዞ ሸራ ጫማም ይበቃል። ኮንጎ ጫማ ለገመድ አይሆንም።

ስሠራ የትኛው ምልክት ሲመጣ ላቁም?

ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ዓይን የሚያጨልም ማዞር፣ ያለ ምክንያት ዘልሎ የሚሄድ የልብ ምት፣ ቆመው ካረፉ በኋላም የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ይቀመጡ፤ በአምስት ደቂቃ ካልለቀቀ ሰው ጠርተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቢለቅም ሐኪም ሳያይዎ በማግሥቱ አይቀጥሉ። የጡንቻ መቃጠል፣ ላብና በወሬ መሐል ትንፋሽ መሳብ ግን የሥራው አካል ናቸው።